ቪፒኤሱ ስንት ሰው ይችላል? ለሦስት ሌሊት ጨምቄው ያየሁት

መጀመሪያ ፍርዱን ልናገር፣ ታሪኩን ጊዜ ያለው ያንብበው። የተከራየሁት ቪፒኤስ፣ ማለትም ከአንድ ትልቅ ማሽን ላይ ተቆርጦ የሚከራይ ቨርቹዋል ሰርቨር፣ ለመካከለኛ ሥራ ይሆናል። ንጋት ላይ ጎበዝ ነው። ማታ ላይ ግን ያው ማሽን መሆኑን ትጠራጠራላችሁ። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት በማስታወቂያው፣ ሌላዋን ደግሞ ችግር ሲገጥመኝ በሰጡኝ መልስ ነው። ስማቸውን አልጠራም። የምትከራዩት ከማንም ይሁን፣ እኔ ያደረግኩትን ብታደርጉ የራሳችሁን መልስ ታገኛላችሁ።

ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ አቶቴ አካባቢ። ለጥቂት ፔንሲዮኖች አልጋ ማስያዣ ዌብሳይት ሠርቼላቸዋለሁ። ሰው ቀኑን ይመርጣል፣ ባዶ አልጋ ያለበትን ያያል፣ ይይዛል፣ አለቀ። በአዘቦት ቀን ሰርቨሩ ያንቀላፋል። የገብርኤል ንግሥ ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 18 ማለት ነው፣ ግን ከአዲስ አበባም ከዲላም የሚመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን አንዴ ያወጣል። ባለፈው ታኅሣሥም እንዲሁ ሆነና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሳይቱ ተዘረጋ። ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ 502፣ ከኋላ ያለው ፕሮግራም መልስ አልሰጠም የሚል የስህተት ቁጥር።

ከፔንሲዮን ባለቤቶቹ አንዱ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ደወሉ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ሞቷል እኮ! ሰው በር ላይ ቆሞ አልጋ አለ ወይ ይለኛል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አልከፍትም አለ።"

"ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ እያየሁት ነው" አልኩ። እሳቸው እንኳ አልታገሡኝም፤ ደብተር አውጥተው እንደ ድሮው በእስክርቢቶ መመዝገብ ጀመሩ። ልክ ነበሩ። እኔ በዚያ ሰዓት የማውቀው ሳይቱ መውደቁን ብቻ ነው። ስንት ሰው ሲገባ ወደቀ? ምኑ ነው የወደቀው? አላውቅም። ለአንድ ዓመት ሙሉ "ፈጣን ነው" ስላቸው የኖርኩት እኔው ብቻዬን ከፍቼ እያየሁት ነበር።

ስለዚህ አዲሱን ቪፒኤስ ስከራይ፣ አንድም ደንበኛ ሳላስገባ እስኪሰበር ልጫነው ብዬ ወሰንኩ። 2 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት የሲፒዩ ክፍሎች)፣ 4 ጊጋ ራም፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ። ከፊት እንግዳ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላው ጉኒኮርን ላይ የሚሮጥ ጃንጎ (ሳይቱን የሠራሁበት የፓይተን መሣሪያ)፣ ከጎኑ መረጃውን የሚይዘው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ። ማስታወቂያቸው "አንሊሚትድ ትራፊክ፣ ሺዎችን በአንዴ ያስተናግዳል" ይላል። እሺ፣ እናያለን።

የመጀመሪያው ሌሊት በከንቱ አለፈ። ፈተናውን ከቤቴ ዋይፋይ ነበር የጀመርኩት። ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል፣ አንዴ ደህና ነው፣ አንዴ ይሞታል። ሁለት ሰዓት ካባከንኩ በኋላ ነው የነቃሁት፤ ለካ ስለካ የቆየሁት ሰርቨሩን ሳይሆን የቤቴን ኢንተርኔት ነው። እህቴ ሳሎን ቪዲዮ በከፈተች ቁጥር ሰርቨሬ "ይደክማል"። ከዚያ እዚያው ዳታ ሴንተር ውስጥ ሌላ ትንሽ ማሽን በሰዓት ተከራየሁና ጫናውን ከዚያ ላክሁ። ጫኚውና ተጫኚው አንድ ማሽን ላይ እንዳይሆኑም ተጠንቀቁ፣ አንዱ የሌላውን ሲፒዩ እየበላ ውሸት ያሳያችኋል። በነገራችን ላይ ሁለተኛው ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ። ፈተናውን ቲመክስ ውስጥ (የእኔ ግንኙነት ቢቋረጥም ሥራውን እዚያው የሚያቆይ ፕሮግራም ነው) ስለከፈትኩት እኔ በሻማ ተቀምጬ እሱ እዚያ ሥራውን ቀጠለ።

ስለ መሣሪያዎቹም ትንሽ ልበል፣ ግምገማ ነው ካልኩ አይቀር። ኤቢ፣ ማለትም አፓቺ ቤንች፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ይመቻል። አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ በአንድ ጊዜ፣ በቃ። ግን የሚሠራው በአንድ ትሬድ፣ በአንድ የሥራ መስመር ብቻ፣ ስለሆነ ሰርቨሩ ሳይደክም እሱ ይደክማል። 2000 በአንዴ ላክ ስለው ደግሞ ብዙ ፋይል ተከፍቷል ብሎ ተኮራምቶ ቀረ፤ ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) በተለምዶ ከ1024 በላይ ፋይል እንዲከፍት አይፈቀድለትም፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ደግሞ እንደ ፋይል ይቆጠራል። ይህን ወሰን የሚያስቀምጠውን ዩሊሚትን ከፍ አድርጌ አለፍኩት። ጄሜተርን አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት። ጃቫ ነውና ፋኑ እንደ ባጃጅ ጮኸ፣ ዘጋሁት። ደብሊውአርኬ ቀላልና ኃይለኛ ነው፣ በጥቂት ትሬድ ብዙ ጫና ያመነጫል፣ ለስታቲክ ገጽ፣ ምንም ሳይሰላ እንዳለ ለሚላክ ገጽ፣ ከእሱ የተሻለ አላየሁም። በመጨረሻ የተቀመጥኩት ኬ6 ላይ ነው። ራሱ በጎ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ስክሪፕቱን ግን በጃቫስክሪፕት ትጽፋለህ። "ሰውዬው ገጹን ይከፍታል፣ 10 ሰከንድ ያነባል፣ ቀን ይመርጣል" ብለህ እንደ ተረት ትነግረዋለህ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ወደ ታች እመለስበታለሁ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ኤንጂንኤክስን ብቻውን፣ ያለ ጃንጎ፣ አንድ ስታቲክ ገጽ አስይዤ ስጭነው በሰከንድ ከ5 ሺህ ጥያቄ በላይ እየመለሰ ምንም አልመሰለውም። ይሄ አያስገርምም። ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ሰርቨር ሲሆን ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ፕሮሰስ አይመድብም፤ ጥቂት ወርከሮች (ሠራተኛ ፕሮሰሶች) ሺህ ግንኙነት በአንዴ ያስታምማሉ። ማስታወቂያው "ሺዎች" ሲል ምናልባት ይህንን ለክቶ ይሆናል። ግን ስታቲክ ገጽ አልጋ አይዝም።

አልጋ የሚይዘው ጃንጎ ነው፣ ጃንጎን የሚሸከመው ደግሞ ጉኒኮርን። አሠራሩ የድሮው አፓቺ ፕሪፎርክ ዓይነት ነው። አንድ ማስተር ፕሮሰስ አለ፣ ወርከሮቹን ቀድሞ ፎርክ አድርጎ፣ ማለትም ራሱን ቀድቶ፣ አሰልፎ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ ወርከር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያስተናግዳል። ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ምንም ካልነካችሁት ወርከሩ 1 ብቻ ነው። መመሪያቸው ኮሩን በ2 አባዝተህ 1 ጨምር ይላል፣ ስለዚህ ለእኔ 5። እኔ ግን ከ1 ጀምሬ እያሳደግኩ ሄድኩ፣ 50 ሰው ያለ ዕረፍት እየጠየቀ።

የአልጋ ፍለጋው ገጽ ብቻውን ሲከፈት 120 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ ውስጥ ሲፒዩ የሚሠራው 40 ያህሉን ነው፤ የቀረውን ከሌላ ሰርቨር መልስ ሲጠብቅ ነው የሚያጠፋው። እንግዲህ 1 ወርከር በሰከንድ 8 ጥያቄ መለሰ። በ2 ወርከር 16። በ5 ወደ 38 ደረሰ። ደስ አለኝ። በ9 ግን 46 ላይ ቀረ። በ17 ጭራሽ ወደ 44 ወረደ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ጥያቄ 40 ሚሊሰከንድ ሲፒዩ ከበላ አንድ ኮር በሰከንድ 25 ይችላል፣ ሁለት ኮር 50። ወርከሩን መቶ ብታደርጉት ጣሪያው 50 ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ወርከሮች ተራ እየተነጣጠቁ ሲፒዩውን ያዋክቡታል እንጂ አይጨምሩለትም።

ይሄን ቁጥር ሳይ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ትዝ አለኝ። እሑድ ቀን አሳ ቤቶቹ ሲሞሉ አስተናጋጅ ይጨመራል። አምስት ልጅ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ "ሁለት ቆሮሶ ጥብስ! አንድ ሾርባ!" እያለ ይጮኻል። ምድጃው ላይ ያለው መጥበሻ ግን ሁለት ነው። ትዕዛዝህን በአንድ ደቂቃ ተቀብለውህ አሳህን 50 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ አባ ኮዳዎቹ ከአንተ ቀድመው ይበላሉ።

አላረፍኩም፣ ወርከሩን 33 አደረግኩት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያማረው። ከጅምሩ ምንም አልሆነም፣ ራሙ ገና ቦታ ነበረው። ፎርክ የተደረጉ ፕሮሰሶች መጀመሪያ ሜሞሪውን ይጋራሉ፣ የሚለያዩት አንዱ ሲጽፍበት ነው። ፓይተን ደግሞ አንድን ነገር ባነበበ ቁጥር ነገሩ ስንት ቦታ እንደሚያገለግል የሚቆጥርበትን ቁጥር ስለሚቀይር፣ ሥራ ሲበዛ ያ መጋራት እየፈረሰ ይሄዳል። እያንዳንዱ ወርከር ወደ 110 ሜጋ አበጠ። 33ቱ ተደምረው 3.6 ጊጋ። ፖስትግሬስ የት ይግባ? ማሽኑ ስዋፕ ውስጥ ገባ፣ ራሙ ሲሞላ ቀርፋፋውን ዲስክ እንደ ራም መጠቀም ጀመረ ማለት ነው፣ በሰከንድ 46 የነበረው ወደ 11 ወረደ። ሎጉ ላይ "ወርከር ታይምአውት" መደርደር ጀመረ፤ ጉኒኮርን 30 ሰከንድ ድምፁ የጠፋበትን ወርከር ገድሎ ሌላ ይወልዳል፣ አዲሱም ሲወለድ ያንኑ ሲፒዩ ይበላል። በሦስተኛው ደቂቃ ኦኦኤም ኪለር፣ ራም ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለው የሊኑክስ ክፍል፣ መጣና ፖስትግሬስን ገደለው። ስክሪኑ ላይ 500ና 502 እንደ በረዶ ወረደ።

ዝም ብዬ አየሁት። የታኅሣሡ ሬሳ ይሄ ነው። አሮጌው ሰርቨር ላይ፣ 2 ጊጋ ራም ላይ፣ "ብዙ ይሻላል" ብዬ በገዛ እጄ 20 ወርከር ጽፌ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጫና ስላልነበረ ሜሞሪው ተጋርቶ ኖረ፣ የገብርኤል ዋዜማ ሁሉም አንዴ ሲነቁ አበጡና ተያይዘው ወደቁ። የዚያን ጊዜ አከራዬን ስረግም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ እዚህ ላይ ይቅርታ ልጠይቀው።

አሁን ወደ ኬ6። ከላይ ያለው ፈተና ሁሉ አንድ ጉድለት አለበት። 50ው ሰው ጨዋ ነው። መልስ እስኪመጣለት ሌላ አይጠይቅም። ሰርቨሩ ሲዘገይ እነሱም ይዘገያሉ፣ ስለዚህ ጫናው በራሱ ይቀንሳል፣ ቁጥሩም አምሮ ይወጣል። ጊል ቴኔ የተባለው ባለሙያ ይህን "ኮርዲኔትድ ኦሚሽን" ይለዋል፤ ሰርቨሩ በተንገዳገደበት ሰዓት መላክ የነበረባቸው ጥያቄዎች ስላልተላኩ ሥቃዩ ከመዝገቡ ላይ ይጠፋል። የበዓል ዋዜማ ሰው እንዲህ ነው እንዴ? እሱ ሌላው አልጋ ይያዝ አይያዝ አያውቅም፣ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይመጣል። ኬ6 ላይ "በሰከንድ ይህን ያህል ሰው ይምጣ፣ ሰርቨሩ ቻለም አልቻለም" ማለት ይቻላል። እኔ የወደድኩት ይህን ነው።

በሰከንድ 30 ጥያቄ ስልክበት፣ ከ100 ሰው 95ቱ ከ400 ሚሊሰከንድ በታች ነው የጠበቁት። በ40 ወደ 900 ተጠጋ፣ ይሁን። በ50 ገደሉ መጣ። ሰርቨሩ 46 ይመልሳል፣ የሚመጣው 50 ነው፣ በየሰከንዱ 4 ሰው ወረፋ ላይ ይቀራል። 4 ምን አላት? በ5 ደቂቃ 1200 ትሆናለች፣ መጨረሻ ላይ የመጣው ሰው ደግሞ 26 ሰከንድ ይጠብቃል። ማን ይጠብቃል? ሪፍሬሽ ይላል። የኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ 499 የሚባለው ኮድ ይሄ ነው፣ ደንበኛው ሳይመለስለት ሄደ ማለት ነው። አሳዛኙ፣ ወረፋ የገባውን የድሮ ጥያቄውን ጉኒኮርን አሁንም ይሠራለታል። ለሄደ ሰው አሳ እየጠበሰ ለመጣው ሰው ጊዜ ያጣል። ከ40 ወደ 50 ያለችው ርቀት እንዲህ አጭር ናት፤ ሲፒዩው 90 በመቶ ሲል "ገና 10 ይቀረኛል" ብላችሁ እንዳትተኙ።

ስለዚህ ስንት ሰው ይችላል? ሰው ገጽ ከፍቶ 10 ሰከንድ ያህል ያያል ብለን ካሰብን፣ በሰከንድ 30 ጥያቄ ማለት በአንድ ጊዜ ሳይቱ ላይ ያለ 300 ያህል ሰው ነው። ይህ ስሌት ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት በሰከንድ የሚገባው ሲባዛ በሚቆይበት ጊዜ። ለእኔ ፔንሲዮኖች 300 ከበቂ በላይ ነው። "ሺዎች" ግን አይደለም።

ወርከሩን በመጨረሻ 4 ፕሮሰስ አድርጌ ለእያንዳንዱ 3 ትሬድ ሰጠሁት። ጊዜው የሚያልቀው መልስ በመጠበቅ ስለሆነ፣ አንዱ ትሬድ ሲጠብቅ ሌላው ይሠራል። በሰከንድ 47፣ ሜሞሪው ደግሞ ግማሽ ጊጋ ገደማ ብቻ። ኤንጂንኤክስን ከፊት አትንሱት፤ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሰው ገጹን በዝግታ ሲያወርድ የሚያስታምመው እሱ ነው፣ አለዚያ አንድ ቀርፋፋ ስልክ አንድ ወርከር ይዞ ይቀመጣል።

አሁን ኮከቡን ወደቀነስኩበት። ያንኑ ፈተና፣ ያንኑ ስክሪፕት፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሳደርገው 46። ማታ 2 ሰዓት ላይ 29። ሦስት ቀን ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ቶፕን፣ ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ከፍቼ ሳይ ኤስቲ የምትለዋ ቁጥር 35 አካባቢ ትጨፍራለች። ይህቺ ቁጥር ስቲል ትባላለች፣ ቃሉም ስርቆት ነው፤ የእኔ ቨርቹዋል ማሽን መሥራት ፈልጎ፣ ከሥሩ ያለው እውነተኛ ማሽን ለሌላ ተከራይ ሲፒዩውን ሰጥቶት የቆመበት ጊዜ ነው። 2 ኮር ብዬ የከፈልኩት ማታ ማታ ከአንድ ኮር ትንሽ የሚበልጥ ነው ማለት ነው። የእኔ ደንበኛ ደግሞ አልጋ የሚፈልገው ማታ ነው።

በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፣ የቶፑን ፎቶ አያይዤ። መልሱ በማግሥቱ መጣ። "ወንድሜ ስንት ቪዚተር አለህ? ከፍ ያለውን ፓኬጅ ውሰድ፣ ይፈጥንልሃል።" ኤስቲን ጨርሶ አላዩዋትም፣ ወይም አላየናትም ማለት መርጠዋል። እንደገና ጻፍኩ፣ "ከፍ ያለው ፓኬጅ ላይ ኮሩ የራሴ ብቻ ነው ወይስ ይሄው የጋራው ነው?" አልኩ። ለዚህ መልስ እስካሁን የለም። የመልእክቷ ምልክት ግን ሁለት ሆናለች፣ አንብበዋታል።

ያም ሆኖ አልለቀቅኩትም። ዋጋው ደህና ነው፣ ዲስኩ ፈጣን ነው፣ በሦስቱ ሌሊት ማሽኑ ራሱ አንዴም አልጠፋም፣ የገደልኩትን ፖስትግሬስ እንኳ በሰከንድ አስነሳሁት። የማታውን 29 ይዤ ደህና ነኝ የምለው 20 ነው፣ ማለትም 200 ሰው፤ ከዚያ በላይ ሲመጣ ኤንጂንኤክስ "ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ" የምትል ስታቲክ ገጽ እንዲያሳይ አድርጌያለሁ፣ እሷን በሺህ ቢጠይቋትም አትደክምም።

ለመከራየት ያሰበ ሰው ካለ፣ የዓመት እንዳትከፍሉ፣ የወር ክፈሉ። ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቶፕ ከፍታችሁ ኤስቲን እዩ። ከ5 በላይ ከሆነችና አልወርድ ካለች ወሩ ሲያልቅ ውጡ። ለፍቼ ጨምበላላ በዓል ከሌላ ቦታ ኮሩ የራሴ የሆነ ማሽን ለአንድ ወር ተከራይቼ ያንኑ ስክሪፕት እለቅበታለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እጨምራለሁ።